ያላየናት ኳስ

ውኃው አራት ዓመት ሊሄድ ነው እያለ፣
ቤንቲዩን እንዳቀፈ እዚያው ተኝቶ አለ።
አንድ ክንድ ከፍ ያለ የጭቃ ግድብ ነው
እኛንና ዓሣን የሚያለያየው።

ከግድቡ ሥር ነው የኩዋንግ ቆርቆሮ ቤት፣
ስልክ በአምስት መቶ የሚሞላበት፤
ጣሪያው ላይ ሰሐን በገመድ ታስሮ፣
ጓሮው ጄኔሬተር እንደ ሽማግሌ ሲስል አምሽቶ አድሮ።

ያን ምሽት ግን ስልክ የሚሞላ የለም።
ሕፃን በትከሻ፣ ሽማግሌ ጀሪካን ላይ፣
አንድ እግር በውጭ፣ አንድ ዓይን በውስጥ፣
ሁሉም ልጆቹን ሊያይ።

አንዱ ካኩማ ነው፣ ከድንኳን ሥር የተወለደ፣
አንዱ ካምፓላ ላይ፣ በአንድ ጫማ ከወንድሙ ጋር በተራ የወጣ የወረደ፣
አንዱ በእናቱ ጀርባ ድንበሩን ያለፈ፣
ስሙ በመዝጋቢው እስክሪብቶ ተሳስቶ የተጻፈ።
አሁን ዝናብ በማይነካው ሜዳ፣ በሚያብረቀርቅ እንጨት ላይ ይሮጣሉ።
አስተላላፊው የአገራችንን ስም ጠራ፤
ስሟን ብቻ፤
ረሃብ ከኋላው ሳይከተል፣ ጥይት ከፊቱ ሳይመራ።

ሰባት ቁጥር ቿል ነው። ቿል ማለት ካሳ፣ የሞተ ልጅ ምትክ።
አክስቱ ኛሩዎት ከፊት ተቀምጣለች፤
ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ካየችው፣ ያኔ ጡት አልጣለም።
«በጆሮው ለየሁት» አለች፣ «የወንድሜ ጆሮ፣ ወደ ውጭ የዞረ፣
ጠላት ሲመጣ ከውሻ ቀድሞ ይሰማ የነበረ።»
ከጎኗ ያለው ሰው ዲንካ ነው።
በዚያ ክፉ ዓመት የት እንደቆመ ሁሉም ያውቃል፤
ዛሬ ኳስ ሲነሳ ክንዷን ይጨብጣል፣
ኳስ ሲወርድ ይለቃል።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በሦስት ተቀድመን፣
ሞተሩ ሁለቴ ሳለ።
ሦስተኛው ላይ ዝም አለ።

ጨለማ።

ጋትኬክ ሞተር ሳይክሉን አጋድሞ ቢያልባት፣
እንደ ነጠፈች ላም አንዲት ጠብታ ጠፋባት።
ቱት፣ የጀልባው ጌታ፣ ቃል ሳይናገር ወጣ፤
ነገ ሕመምተኛ የሚያሻግርበትን
የመጨረሻውን ነዳጅ ተሸክሞ መጣ።
ማንም «ተው» አላለም።
(ይህንን የምጽፈው ስለምናፍርበት ነው።)

ዘይት የበዛበት ነዳጅ ሞተሩን አነቀው፤
ጨሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣
ብርሃን መጣ።

መጣ፤ ጨዋታው ግን አልቋል።
ልጆቹ ወለሉ ላይ ተደራርበው ያለቅሳሉ፤
እንባ ደግሞ ቁጥር አይናገርም፣ ሰሌዳውም ተጋርዷል።
ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።
ኛሩዎት ብቻ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣
«የተሸነፈ ብቻውን ነው የሚያለቅስ» አለች፤
«እነዚህ ተሸካክመዋል።»

ከዚያማ ምን እላለሁ!
ያን ሌሊት ያልፈረሰ ግድብ ከእንግዲህ አይፈርስም።

ያቺን የመጨረሻ ኳስ ያየ ከመካከላችን የለም፤
ስለዚህ ሁሉም አይቷታል።
ኩዋንግ ከመሐል ሜዳ አስወረወራት።
ጋትኬክ ሁለት ሰው አዘለላት።
ሕፃናቱ፦ በግራ እጁ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ!
ዲንካው ሰው ደግሞ፦ ቀለበቱን ሦስቴ ዞረችው፣
አገር ስታስለምን ቆይታ፣ በራሷ ጊዜ ገባች።

ሲነጋ ቱት ጀልባውን ገፋ።
ሞተሩ ባዶ፣ መቅዘፊያው በእጁ፤
በሌላው በኩል ያ ዲንካ ሰው፣ ማንም ሳይጠራው፤
በመካከል ምጥ የያዛት ሴት።
በሞተር የአንድ ሰዓቱ መንገድ፣ በክንድ አምስት ሰዓት።

ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣
«ኳሷ እንዴት ገባች?» ትላለች፣ «ንገሩኝ።»
ቱት ይቀዝፋል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል።
«ቆይ» ይላታል፣
«ገና አየር ላይ ናት።»