አንዲት ጠባብ ወደብ

ቱርኩ ላይ ውርጩ ወንዙን አስሮታል፤
ምድር ቤቱ ውስጥ ግን ሰርቨሩ ይሞቃል።
እኔም እዚህ ታች ነኝ፣ ካፖርቴን አውልቄ፣
የአገልጋዮች አሳሪ፣ ሹመቴን ታጥቄ።

ድሮ፣ ቱሬ ሳለ፣ አንድ ቤት ነበሩ፤
ደብዳቤ አድራሹ፣ ስም ፈቺው፣ አታሚው፣ ተደባልቀው ሲያድሩ፣
አንዱ ያንዱን ጓዳ ሳያንኳኳ ገብቶ፣
አንዱ ያንዱን ሰነድ እንደ ራሱ አይቶ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ላታሚው የመጣ
ወረቀት መሳይ እንግዳ ከዚያ ጓዳ ወጣ፤
ሲነጋ ሥሩን ጨብጦ፣ ቁልፉን አገላብጦ፣
እኛን በገዛ ቤታችን ደጅ ሲያስጠና ዋለ።
ቱሬ ቆቡን አጠለቀ። ምንም አላለ።

በማግስቱ መጣና፣ "ለየብቻ" አለኝ።
"ግድግዳ ለያንዳንዱ። የሚበላውን ስጪው፣
የማይነካውን አታሳዪው።
ሥር ነኝ ካለም ይበል፣ ይፎክር በቅጥሩ፤
ከእስሩ አያልፍም የሥርነቱ ክብሩ።"

አጠርኩላቸው። ቤት ለየራስ ቆረጥኩ።
ቱሬ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ቁልፍ ጠበቅኩ።
እያንዳንዱ አሁን ጣሪያውን ሰማይ ነው ይላል፣
ከግድግዳው ማዶ ምንም የለም ይላል፤
ደግሞ አይዋሽም፣ ያየው ያንን ነው።
ለመውጫ አንዲት ወደብ፣ ቁጥር ያላት፣ ጠባብ፣
ከመርፌ ዓይን ጥቂት ሰፋ ያለች።
የወደብ ከተማ ልጅ ነኝ፤ መክፈትና መዝጋት
ከአባቴ የመርከብ ገመድ ጋር ነው የለመድኩት።

ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ትኬት ቆራጯ አይሊ፦
"የደሴቶቹ መርከብ ሄዳለች።
ሰሌዳሽ ግን 'ገና ናት' ይላል፤
አሥራ አራት ሰው በረዶ ላይ ቆሟል፣ ምን ልበላቸው?"

ገባሁ። ግድግዳው ደህና። መዝገቡ ንጹሕ።
ሰባሪ የለ፣ ሰርሳሪ የለ።
እስረኛው ጤነኛ ነው፤ በትጋት ይጽፋል፣
እያንዳንዷን መስመር ከነሰዓቷ ያሰፍራል፣
ሁለት ሰዓት ወደኋላ።

በግሪንዊች ይኖራል ምስኪን! ስዘጋበት
የከተማውን ሰዓት ውጭ ረስቼበት።
ማን ይንገረው? ጎረቤት የለው፣ መስኮት የለው፤
የሰጠሁትን ዓለም እንጂ ሌላ ምን አለው?

አንዲት ፋይል ገለበጥኩ፣ ከስሟ የማትበልጥ፤
በግድግዳው አሾለክኋት፤ ቀስቅሼ አስነሳሁት።
ሰሌዳው ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ታረመ።

ይቅርታ ልል ደወልኩ። አይሊ ሳቀች፤
አሥራ አራቱን ሾርባ አጠጥታ፣
ጀልባ ጠርታ ሸኝታለች።
"አንቺስ" አለችኝ፣ "ምሳ በላሽ?"
ቀና አልኩ።
ኮንክሪት። ሽቦ። አረንጓዴ መብራት፣ ጥቅሻ በጥቅሻ።
"አይሊ" አልኳት፣
"ውጭ ስንት ሰዓት ነው?"