ሩብ ነጥብ

እናቴ ቪምሌሽ
ከዳርባንጋ ፍርድ ቤት፣ ከዋርካው ሥር ውላ
የሰው ክስ ትተይባለች፣ በገጽ ሃያ ሩፒ አስከፍላ።
አመልካች፣ ተጠሪ፣ ቀን፣ ቁጥር፣ መዝገብ፣
የወሰን ግፊ፣ የጥሎሽ፣ የዱቤ ገንዘብ፤
የስንቱን ጠብ ጽፋ
ማታ ትገባለች ጣቶቿን አጣጥፋ።

እኔ አልጋው ላይ ነኝ፣ መጽሐፌን ዘርግቼ፣
ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ በግማሽ ዋጋ ገዝቼ።
ከኔ በፊት የነበረው፣ ራግቬንድራ የሚባል፣
የመሰለውን ሁሉ በእርሳስ ከብቦታል፤
አንዳንዱን ያገኛል፣ አንዳንዱን ይስታል።
ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ ከብቦ፣ ሰርዞ፣ ከብቦ
ወረቀቱን በስቶታል።
አልፎ ይሁን ወድቆ ማን ያውቃል?
ከገጽ መቶ ወዲያ ግን እርሳሱ ዝም ብሏል።

መቶ ሃያ ጥያቄ፣ መቶ ሃያ ደቂቃ፤
አንዷን ስታባብዪ የሌላዋ ጊዜ በቃ።

መብራት ሲጠፋ እናቴ በስልኳ ብርሃን ታነብልኛለች፤
እንግሊዝኛው እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል፣
ታስላለች፣ ትስቃለች፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች።
«ስድስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤
ሀ ከለ ጎን አይቀመጥም፤ መ ፊት ለፊት ይታያል...»
እኔ ክብ እሥላለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና እሥላለሁ፤
እሷ ዓይኗን ጨፍና «ረ ነዋ!»
እንዴት አወቅሽ እላለሁ።
«ሃያ ዓመት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ሳይ መሸ ነጋ፣
ማን ከማን እንደሚሸሽ፣ ማን ወደ ማን እንደሚጠጋ።»

ቀጣዩን ታነባለች፦
«ከሚከተሉት ውስጥ ይህን ክርክር የሚያዳክመው የቱ ነው?»
ምርጫዎቹን ሳትጨርስ
«ቀጠሮ» ትላለች።
ምርጫው ውስጥ የለም እላታለሁ።
መነጽሯን ታወልቃለች።
«እንግዲያው ይህን ያወጣው ሰው
ከሶም ተከሶም አያውቅ፤
አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣
‹ዳኛው ፈቃድ ላይ ናቸው› ተብሎ አልተመለሰም።»

ኩሬው የአያቴ ነበር፤ የአጎቱ ልጅ አጥሮት «የኔ ነው» አለ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ የቀጠሮው ወረቀት ተደርቦ ፍራሽ አከለ፤
አንድ ቀን ዳኛው ድንገት «እስቲ አንተው ተናገር» ቢሉት
መንደር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው፣ አያቴ ጃናርዳን፣
ቃል እንዳይስት ፈርቶ ዝም አለ።
ዝምታው ተመዘገበ።
ኩሬው ሄደ።

የፈተናው ደንብ እንዲህ ነው፦ ላገኘ አንድ ይሰጠዋል፣
ለሳተ ሩብ ይቀነሳል፣
ባዶ የተወ አይነካም።
በስልክ የሚያስተምረን መምህር ሁሌ ይመክራል፦
«ከተጠራጠራችሁ እለፉት። ዝም ያለ አይከስርም።»
ይህን ስነግራት እናቴ ሳህን ማጠቡን አቆመች።
«ባዶ መተው በነጻ ነው?»
«በነጻ።»
«እዚያ ብቻ መሆን አለበት» አለች።

የዲሴምበር ጉም ባቡሩን አዘግይቶት
ፓትና ስንደርስ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት
ሮጥኩ፤ የእናቴ ሻርፕ አንገቴ ላይ ቀረ።
መቶ አሥራ ዘጠኙ እንደምንም ተቋጠረ፤
አንዷ ግን፣ ስለ ውል የምትጠይቀው፣ እምቢ አለችኝ፣
በሁለት ምርጫ መካከል አቁማ አጉላላችኝ።
ራግቬንድራን አሰብኩ፣ የተበሳውን ወረቀት፤
አያቴን አሰብኩ፣ ከዳኛው ፊት የቆመበትን ጸጥታ።
ክቧን በጥቁር ቀለም ሞላኋት።
ሩብ ነጥብ ነው፤
ከኩሬ ይረክሳል።

ከበሩ ውጭ ወላጅ ሁሉ «ከበደ? ቀለለ?» ይላል፤
የኔዋ «ስንቱን ባዶ ተውሽ?»
«አንድም።»
ራሷን ነቀነቀች። ለውዝ አዟሪውን ጠራች፤
ሠላሳ ያለውን ተከራክራ በሃያ ሁለት ረታች።
ውጤቱ ገና አልወጣም፤ በዚያ ቀን ግን
የለውዙ ተፈረደልን።