የፔጆው መሪ

በሃያ ሁለት ቁልፍ መሪውን ፈታሁት፣
ክላክሱን ነቃቅዬ
ከማንጎው ጥላ ሥር ከዱካው ላይ ጣልኩት።
ሦስት ቦታ ነቅቷል።
አንደኛው ከላይ ነው፤ የባሕር ዳር ፀሐይ
በፊት መስታወቱ ዓመት ዓመት ገብታ
እንደ ሚያዝያ ዋልካ ያደረቀችው ቦታ።
ሁለተኛው ከታች፣ ከሆዱ ትይዩ፣
የአባቴ ቀበቶ ሲፍቀው የኖረ።
ሦስተኛው ከመሐል፣ ቀንዱ ከክቡ ጋር ከሚገናኝበት፤
እሱ አይነገርም።
በኩፖን ዘመን ነው፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ
አንድ ሰው አውርዶ
በቡጢ እንደመታው ብቻ ነው የማውቀው፤
ከዚያ በላይ፣ ዝም።

ጎረቤት ስንሻው በአጥሩ ብቅ ብሎ
«ሞተር ለሌለው ነገር መሪ ምን ይሠራል?»
ይላል ጠዋት ጠዋት፣ ጥርሱን እየፋቀ።
«ስንቱ መሪ ሳይኖረው ይሄድ የለም እንዴ?»
ይለዋል አባቴ፣
ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ እየሣቀ።

እውነቱን ነው ስንሻው።
ሞተሩ ከሄደ ብዙ ክረምት አልፏል።
አባቴ ሰው በድምፅ መለየት ሲጀምር
ባለ ጀልባው አንለይ
ዐሥር ቀን ተመላልሶ፣ ዋጋ ቀናንሶ፣
እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ጭኖ
በሽንብጥ መንገድ ላይ ወደ ጣና ወሰደው።
በባዶው ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች።

ስንጥቅ እንዲገጥም መጀመሪያ ይሰፋል፤
አለዚያ ማጣበቂያው ላይ ላዩን ያልፋል።
ያስተማረኝ እሱ ነው።
«አትዘንለት» አለኝ፣ «በሴጌቶ ክፈት፣
ጥሬው እስኪታይህ፣ እድፉ እስኪወጣለት።»
ጥጥ በቤንዚን ነክሬ የኖረውን ላብ አጠብኩ፤
የገበያ አቧራ፣ ግራሶ፣ የስንት ሠርግ ጮማ
ጥቁር ሆኖ ወጣ።
ሁለቱን ማጣበቂያ እኩል በእኩል ለክቼ፣
በክብሪት እንጨት አማስዬ
ከአፉ እስኪተርፍ ሞላሁት።

የሐይቅ ዳር ምሽት ነው።
አምፖሉን ሳበራ ትንኙ ወረደ፤
አንዷ ከርጥቡ ላይ ክንፏን ዘርግታ ቀረች።
ላወጣት ብዬ ነበር።
ተውኳት።
አሁን እዚያው ውስጥ ናት፣ ከቀለሙ በታች።

በማግስቱ በሊማ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣
መጀመሪያ በሻካራው፣ ኋላ በልስልሱ፣
ውሃ እያጠጣሁት ስፈትገው ዋልኩ።
በዐይኔ አለቀ።
አባቴ ጣቱን ሰደደ፣ ክቡን ዞረ፣ ቆመ።
«እዚህ ጋ።»
ምንም አይታየኝም። ደግሜ ፈተግሁት።
«እዚህም።»
አራት ጊዜ መለሰኝ።
በአምስተኛው ጣቱ ሳይቆም ዞሮ ገባ፤
እሱም ምንም አላለ፣
እኔም ደመወዜን ከዝምታው ቆጠርኩ።

ጥቁር ቀለም ነፍቼ በሽቦ ሰቀልኩት ከማንጎው ቅርንጫፍ።
ዐሥራ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ከዘጌ በኩል፣
ዱግ ዱግ እያለ፣ አንዴ እየተናነቀው፣
በደንገሉ መሐል ድምፅ መጣ።
አባቴ ከወንበሩ ቀና አለ።
«ሦስተኛው ካንዴላ ዛሬም ይዘላል።»
ተነሣ።
ቅርንጫፉን ዳብሶ፣ ሽቦውን ለቅቆ፣
መሪውን አወረደ፤
ተመልሶ ተቀመጠ፣ ከጉልበቱ በላይ ያዘው።
«አባ፣ ቀለሙ አልደረቀም።»
«ወደብ ሊገባ ነው፤ አሁን ይታጠፋል»
አለና ወደ ግራ በዝግታ አዞረው፣
ቀኝ እጁ የሌለውን ማርሽ እየፈለገ።
ድምፁ ዝግ አለ፣
ሁለቴ ሳለና
ጠፋ።

አሁን መሪው ላይ የጣቱ አሻራ አለ፣
የላይኛው ስንጥቅ ከነበረበት ጋ ጥልቅ ብሎ የገባ።
ነገ በብርጭቆ ወረቀት እመለስበታለሁ፣
ወይ ደግሞ አልመለስም።
ማታ፣ በቤንዚን ጥጥ እጁን ሳጸዳለት፣
ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ቀስ እያልኩ ስሄድ፣
«አንለይን ንገረው» አለኝ፣
«ካንዴላውን ይቀይር።»