ከቀሚሱ ሥር

አማቴ ስትራመድ እግር የላት መስሎኝ፣
በሠርጌ ማግሥት ቀን ፍርሃት ነገር ያዘኝ።
ስድስት ሳህን ደርባ ከማድቤት ወጥታ፣
ፈስሳ መጣች እንጂ የለም ኮቴ፣ የለም ኮሽታ።
ባሌ ሳቀብኝና «ኧረ እግርስ አላት» አለ፤
«ግን እግሯን ያየ ሰው ከዚህ ቤት ማን አለ?»

ስሟ ማክቫላ ነው፤ በቋንቋችን እንጆሪ፣
ያ ጥቁሩ፣ የዱሩ፣ እሾኽ ውስጥ አዳሪ።
ኩታይሲ ተወልዳ፣ ሪዮኒ ወንዝ ዳር፣
አባቷ የባቡር ፍሬን ይጠግን ነበር፤
ልጅህ መድረክ ወጣች ሲሉት ፋብሪካ ውስጥ፣
ዓመት ሙሉ ዘጋት፣ አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጥ።

የኛ አገር ውዝዋዜ ወንዱን ነው የሚያዘልል፣
በእግር ጣት የሚያስቆም፣ በጉልበቱ የሚጥል፤
ሴቷ ግን ዝም ናት። ቀሚሷ ወለል ይጠርጋል፣
አንገቷ ቀጥ ይላል፣ ዐይኗ ዝቅ ይላል፣
አዳራሽ ሙሉ ሰው ሐይቅ ላይ ዳክዬ ያያል።
ከቀሚሱ ሥር ግን እግር ይሮጣል፣ ይሮጣል፣
አውራ ጣት ይደማል።

ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ፣ ከባቡር ወደ ባቡር።
ስለ ከተሞቹ ስጠይቃት፣ ስለ ጣውላ ነው የምትናገር፤
«ሊዮን? ወለሉ ጥድ ነው፤ ደግ ነው፣ እግር ይመልሳል።
ቡዳፔስት ግን ሰም ይቀቡታል፤ ሰው ይጥላል።»
ድልድይ አታስታውስም፣ ሐውልት አታስታውስም።

ከዚያ እኅቷ ላማራ በጥር ብርድ ሞተች።
ማክቫላ የመጨረሻ አበባዋን ተቀበለች፣
የብር ቀበቶዋን ፈታች፣ ሻንጣዋን ዘጋች፣
ሦስት ልጅ ወደሚያለቅስበት ቤት ገባች።
አራተኛው፣ ባሌ፣ በሆዷ ነበር፤
ጉልበቷ ገና አልከዳትም ነበር።
የቱ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃት፣
«የሚቆጠረው ሳህን ነው» አለች፣ ቀና ሳትል ከሥራዋ፣ ሳያስቆጣት።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የአንድ ክረምት ነገር አይደለም፤
ዓመታት፣ ጋዝ የለም፣ ደመወዝ የለም።
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለዳቦ ተሰለፈች፤
የብር ቀበቶዋን በዱቄት ለወጠች፤
ነጩን የመድረክ ቀሚስ ባራት ቀደደች፣
ላራቱም ልጆች የውስጥ ልብስ ሰፋች።
ባሌ ጠጅ ሲቀምስ ይህችን አይተዋትም፦
«ሊዮን የተጨበጨበለት ሐር ላይ
እኔ ሸንቻለሁ!»
ያኔ እሷም ትስቃለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና።

እውነቱን ልናገር፤ ሰባት ዓመት ጠላኋት።
ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማን ለሥራ ፖላንድ እንደሚሄድ፣
የተጣላ ወንድም መቼ ታርቆ እንደሚመጣ፣
ሁሉም በሷ በኩል ነው።
ድምፅ አታነሣም። አንድ ጣት ከጠረጴዛው ታነሣለች፤
አርባ ሰው ዝም ይላል።
ድንጋይ ናት፣ አልኩ፤ ምን ደከማት፣ ምን ነካት፣
እኔ ስወድቅ ስነሣ ይች ሴት ዳንቴል የሚሠራላት!

አንድ ሌሊት ልጄ ታሞ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።
በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። አየሁ።
እግሮቿ ሳፋ ውስጥ። ጥፍሮቹ ጥቁር፣
ጣቶቹ እርስ በርስ የተጋደሙ፣ እንደ አሮጌ ሥር።
አልሸፈነችም።
«ጨው ጨምሪበት» አለችኝ።
ጨመርኩ። ተንበረከክሁ። ማልቀስ ጀመርሁ መሰለኝ።
«አንቺም እኮ ትሮጫለሽ» አለች፣ ውኃውን እያየች፤
«ቀሚስሽ አጥሮ ነው።»

ትናንት ሰማንያ አንድ ሞላት። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የልጅ ልጁ፣
«አንዴ! አንዴ ብቻ!» ብለው ቢጮኹ፣ ቢማልዱ፣
እንቢ አለች። ታምታ፣ የሰባት ዓመቷ፣ እጇን ብትጎትት፣
እንቢ አለች።
ኋላ ሁሉም ረስቶ ሲበላ፣ ብድግ አለች፤
ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች።
ሹካ ቆመ። ጎረምሳው ሳይቀር ትንፋሹን ያዘ።
ሁሉም ፊቷን አየ።
እኔ የቀሚሷን ጫፍ አየሁ።

ጨው ልታመጣ ነው የተነሣችው።