ሴቼንቶ

ገንዘቡ የተቀመጠ ለጥርሴ ነበረ፤
አንዱ መንጋጋ ወልቆ፣ ጎረቤቱ እየተቦረቦረ።
በሚያዝያ፣ ቬርቼሊ፣ የሩዝ ማሳው ሁሉ ውሃ ሲጠጣ፣
ከአረጋውያኑ ቤት፣ ከሌሊት ተራዬ፣ በንጋት ስወጣ፣
ከድልድዩ ማዶ የአንድ ጋራዥ በር ገርበብ ብሎ አየሁ፤
ሁለት ክብ መብራት ከጨለማው ሲያዩኝ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ሴቼንቶ!
በፈረንጅ የስልሳ አራት ሥሪት፤ የወተት ቀለሟ ወይቦ፣
ጎማዋ ከሲሚንቶው ተጣብቆ፣ ጣሪያዋ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ተደራርቦ።

ወይዘሮ ኦታቪያ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጡ፤
«የባሌ ናት» አሉ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ደፉ ላይ ተቀመጡ።
«እጅሽን አሳዪኝ።» አሳየሁ፤ የመፍቻ ጠባሳዬን ዳሰሱ፤
ከዚያ በሽርጣቸው ጫፍ ግንባሯን፣ የመኪናዋን፣ አበሱ።
«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ፤ ሳንቲም አልቀንስም፤
እሁድ እሁድ ከማኅበሩ ጋር ካልወጣች ግን አልሸጥም።»
ጥርሴን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ስንቅነሽ፣ የቤት ደባሌ፣ በመስኮት አይታ፣ «አንቺ፣ ምን ነካሽ?
ሰው አዲስ በዱቤ ይገዛል፤ አንቺ ሬሳ በካሽ!
ደግሞ መኪና ይባላል? ክዳን ያለው ጫማ!»
እኔ ከሥር ተጋድሜ ዝገት ስፍቅ፣ ሳቋ እስከ ጎዳናው ተሰማ።

ማኅበር የትም ማኅበር ነው።
ሰብሳቢ አለው፤ ኩርፊያ አለው፤ መዋጮ ያልከፈለ አለ፤
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አሥራ ዘጠኝ መኪና ተኮለኮለ።
ዶናቴላ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ ሰማያዊዋን በካልሲ ትወለውላለች፤
የእኔዋ ግን በሰው ፊት፣ ሦስቴ አስነጥሳ፣ ጸጥ አለች።

የእኔ ጣሊያንኛ የክኒን ነው፤ የሽንት ጨርቅ፤ የትራስ፤
«ይዋጡት ጌታዬ፤ ወደ ጎን ይዙሩ፤ ያምዎታል? ቀስ…»
በዚህ ቋንቋ ስለ ሞተር እንዴት ብዬ ላውራ?
ሬሚጂዮ መጣ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ የኋላ ክዳኗን አንሥቶ አበራ።
«ካንዴላ» አለ፣ ለራሱ።
እጄ ከእሱ ቀድሞ ካንዴላው ላይ ነበር፤
ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊፈትነኝ ጀመር፤
«ፑንቲና?» ነካሁ። «ዲናሞ?» ነካሁ።
«ቴስታታ?» መዳፌን ጣልኩባት ለአፍታ።
ጉርኒሶን ስል ሳቀ፤ የእሱ ቃል ጅራቱ ይረዝማል፤
የእኛ መካኒክ ግን ቃልንም እንደ ቱቦ ለክቶ ይቆርጣል።

«የት ተማርሽው?»
«ሶማሌ ተራ፤ ሰባት ዓመት መለዋወጫ ሸጬ፣
ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኩሽኔታ ከኩሽኔታ በጣቴ መርጬ።»
ያን ቃል ማን ወስዶ እዚያ እንደጣለው እሱም ያውቃል፣ እኔም፤
አንዳችንም አላነሣነውም።
ጉሮሮውን ጠረገ። ቁጥር አሥር መፍቻ አቀበለኝ፤
«ፍጠኚ» አለ፣ «ሰዉ ይጠብቃል»፤ ፊቱን ሳያሳየኝ።

ተነሣች! የልብስ ስፌት መኪና ነው ድምፅዋ፤
ጭሷ ከአካሏ ይበልጣል፣ ከጭሷም ኩራትዋ።
ሃያ ሆነን በማሳው መሐል፣ በጠባቡ መንገድ ተሰለፍን፤
ውሃው ሰማይ ይዞ ተኝቷል፤ በግራም በቀኝም ተገልብጠን አለፍን።
ከኦታቪያ መስኮት ሥር ስንደርስ መጋረጃው ተገለጠ፤
ጥሩምባውን ነካሁ፤ እንደ ግልገል ጮኸና ተቆረጠ።
እጃቸውን አላውለበለቡም። በጣታቸው ወደ ጎማው ጠቆሙ፤
የፊት ግራው ነፋስ አንሶታል፤ ተቆጥተው ቆሙ።

ከምሳው ላይ ሬሚጂዮ የዳቦ ቅርፊት ሰበረልኝ።
በግራዬ አኘክሁት፤ ቀኙ አሁንም ያመኛል።
ይጠብቅ።
የሚመጣው ደሞዝ ለካርቡራቶሩ ነው።