ትንፋሽ ሳይያዝ

ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በሆስፒታል ጓዳ፣
የእርሳስ ሽርጥ ታጥቄ፣ ከወፍራም ግድግዳ
ኋላ ተሸሽጌ፣ አንዲት ቃል ነበረኝ፤
«ትንፋሽዎን ይያዙ!» ሁሉም አከበረኝ።
ዳቦ ጋጋሪው ያዘ፣ ትራም ነጂው ያዘ፣
ዳኛው እንኳ መጥቶ እንደ ልጅ ታዘዘ፤
ከብርዱ ሰሌዳ ደረቱን አስጠግቶ፣
ያገሩን ሕግ ሁሉ ከኮቱ ጋር ትቶ።
የኦሎሞውትስን ሰው በመልኩ አላውቀውም፣
ጎድኑን ካላየሁት ሰላም አልለውም።

ከዚያ ጡረታ ወጣሁ።
ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ካሜራ ገዛሁ፤
የሌንሱ ክዳን ብረት፣ ከባድ፣ ጠርዙ የተፋቀ።
ማንሣት የፈለግሁት ሁለቱን ውሾቼን ነበር፤
ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

ቡብሊና ዐሥራ ሁለት ዓመቷ፤ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ ይተኛል፤
በር ላይ ካላስቀደምኳት የምትቀየም እመቤት።
ክኔድሊክ ገና ሁለት ዓመቱ፤
ስሙ በእኛ አገር የተቀቀለ የሊጥ ድቡልቡል ነው።
ካልሲ ይውጣል፣ የሻማ ጉማጅ ይውጣል፣
አንዴ የስልክ ቢል ውጦልኛል፤
ለዚያስ አመስግኜዋለሁ።

የመጀመሪያው ፊልም፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ፤
ከሶፋ ጀርባ የወጣ ጅራት፣
በረዶ የነካው ግማሽ አፍንጫ፣
እንደ ጉም የተበተነ ጆሮ፣
የራሴ ጉልበት፣
ባዶ ወንበር
(ከቅጽበት በፊት ግን ሁለቱም ነበሩበት)።

ፎቶ አጣቢው ራዲም አንዷን ወደ መብራቱ አነሣት።
«ወይዘሮ ዝደንካ፣ ይቺ መጥረጊያ ናት?»
«ቡብሊና ናት።»
«እህ። ታምራለች» አለ፣
ከሒሳቡ ግን አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም።

ጠዋት ጠዋት ሞራቫ ወንዝ ዳር፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ባንድ ጉልበቴ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ
«ትንፋሽ ያዙ!» እላቸዋለሁ። ልማድ ነው፤ አፌ አይለቀውም።
ክኔድሊክ ያነጥሳል።
ቡብሊና መጥታ ሌንሱን ትልሳለች፤
ወንዙም፣ ድልድዩም፣ ዛፉም
ምራቅ ውስጥ ይሰጥማሉ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ክዳኑ ጠፋ።
ከሶፋው ሥር ፈለግሁ፣ ከጫማዬ ውስጥ፣ ከዱቄቱ ጣሳ።
ክኔድሊክን ፊት ለፊቴ አቁሜ ገሠጽኩት፤ ሌላ ማንን ልጠርጥር?
ጆሮውን ጥሎ ሰማኝ፣ ያላደረገውን ሁሉ ያመነ መሰለ።
ቡብሊና ከጎኔ ተቀምጣ
እሷም በትዝብት ታየው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳዋን ያልበላች እሷ ናት።

«አንድ ፎቶ እናንሣት» አለች ዶክተር ክቪየታ።
ሳቄ መጣ፤ አልሳቅኩም።
የእርሳስ ሽርጥ ሰጡኝ። ትከሻዬ ክብደቱን አልረሳውም።
የፊት እግሮቿን ያዝኩ፤
ሠላሳ ስድስት ጊዜ ያመለጠችኝ ፍጡር
በብርዱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ፣
ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ዝም።
ትንፋሽ ያዢ ያላት የለም።
ትንፋሽ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ምስሉ መጣ።
ጎድኗ እንደ አጥር እንጨት ተደርድሮ፣
አከርካሪዋ ላይ ያላየሁላት እርጅና፣
ከሆዷ መካከል ደግሞ
ክብ፣ ነጭ፤
ጨረቃ የገባች መስሎኝ ነበር፤
ቀረብ ብዬ ባየው
ጠርዙ የተፋቀ።

በቀጭን ቱቦ አወጡት። ክፍያው ከካሜራው ሦስት እጥፍ።
ማታውን ለክኔድሊክ ቋሊማ ቆረስኩለት፣ ይቅርታ ብዬ፤
የምን ይቅርታ እንደሆነ ሳይጠይቅ ዋጠው።

ምስሉን በፊልም አትሙልኝ ብዬ ለመንኩ፤
የኩሽናው መስኮት ላይ ተለጥፏል።
ጠዋት ፀሐይ በጎድኗ በኩል አልፎ
የሻይ ማንኪያዬ ላይ ያርፋል።
በሕይወቷ ጥርት ብላ የወጣችው ያኔ ብቻ ነው፤
እጄን ዘርግቼ የማልነካት ሆና።

ከአልጋዬ በላይ የሰቀልኩት ሌላ ነው፤
ራዲም የጠየቀኝ፣ ያቺ መጥረጊያዋ፣
መጣች ወይ ሄደች ወይ የማይለይ ሩጫዋ።
ክዳኑን በክር አሥሬ ካንገቴ አንጠልጥያለሁ፤
ጎንበስ ስል ይወዛወዛል።
ቡብሊና አይታው ፊቷን ታዞራለች፣ እንደማታውቀው።
ክኔድሊክ ግን ሰሞኑን
ምራቁን እየዋጠ ያየዋል።