ከላይ ያለ ሥር

ፎርክስ ላይ ዝናብ ወሬ አይደለም፤
ሲያባራ ነው ሰው ደጅ ወጥቶ የሚገረም።

ያን ዕለት ጠዋት አባርቶ ነበር፤
ወንጭፍ ይዘን ቆመናል ከትልቁ ሜፕል ሥር።
ዶሪን ወጠረችው፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
ክሩ ሽቅብ በረረ፣ ጉሙን በጣጠሰና
ቅርንጫፍ ተሻግሮ ወዲህ ተመለሰ፤
ክሩ ገመድ ስቦ፣ ገመዱ እሷን ይዞ ከጉሙ ደረሰ።

የኔ ሥራ ምድር ነው፤ እርሳስና ደብተር፣
ከላይ የምትጥልልኝን ቁጥር እየለቀሙ መደርደር።
«አሥራ ሁለት ሜትር፤ ፈርን፣ ስድስት ዘለላ!»
«ሃያ! ሳረንስት፤ ውፍረቱ ስንዝር ሞላ!»
«ሃያ ሦስት... ቆይ...» ገመዱ ቀጥ አለ።
ከዚያ ወዲያ ጠብታ ብቻ ነው ደብተሬ ላይ የዋለ።

ኦርቪል ታትል ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ያየናል።
መሬቱ የሱ ነው። «ውጡ» ብሎናል፤
ፈቃዱ ራሱ ማባረር ይመስላል።
አርባ ዓመት ለእንጨት ፋብሪካ ዛፍ ሲጥል የኖረ፣
ጉልበቱ ያለቀ፣ ጆሮው በመጋዝ ጩኸት የደነቆረ፣
ዛሬም ሲያወራ ሞተሩን ለመብለጥ ይጮኻል፦
«የዛፍ ጫፍ? አውቀዋለሁ! በጫማዬ ረግጬዋለሁ!
እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሁሌም ስብርባሪ ነው፤
ምን እንደነበር አይነግርህም።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤
በቆመው ላይ ምን እንደሚበዛ ማን ጠይቆ ያውቃል?
ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ የዛፍ ሽበት፣
ጉጉት ከትናንት ያስተረፈችው የአይጥ አጥንት፣
ደግሞም ትል፤ እንደ ስፌት ክር ነጭ፣ ቀጭን፤
የምድር ትል ይሉታል፣ ምድርን ያላየውን።

ድምፅዋ መጣ፦ «ሥር ነው! ሥር አገኘሁ!»
እኔ ግን አጎንብሼ ጫማዬን አየሁ።
በሷ ቋንቋ ሥርና ታች ሁለት ቃል ናቸው፤
በኔ አንድ ነው። ዕድሜ ልኬን ሳላስበው
ሥር ያለው ከሥር ነው ብዬ ኖሬያለሁ፤
ሃያ ሦስት ሜትር ሽቅብ ዛሬ ታርሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ይረግፋል፣
መሬት ግን አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይቀራል።
ሳረንስቱ በመዳፉ ይቀበለዋል፣
ዝናብ ይደርብበታል፣ ዓመት ይደርብበታል፣
ሌላ ቅጠል፣ ላባ፣ የሸረሪት ገላ፣
ነፋስ ከባሕር ያመጣው ብናኝ፤
እየጠቆረ፣ እየጠቆረ አፈር ይሆናል።
ከዕለታት አንድ ቀን ዛፉን ብብቱን ይበላዋል፤
ቅርፊቱን ሰንጥቆ ከገዛ ክንዱ ሥር ይሰዳል፣
የገዛ ርጋፊውን፣ የገዛ ትናንቱን
ማንንም ሳይለምን ይጠጣል።

ናሙና ሰባት በባልዲ ወረደ።
ከረጢቱን ታቅፌ ወደ ሚዛኑ ስሄድ
ኦርቪል የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ
እጁን ዘረጋ።
ደንቡ አይፈቅድም፤ ለቤተ ሙከራ የታሸገ አይነካም።
ፈታሁለት።
በሦስት ጣቱ ቆነጠረ። አሸተተ።
ከዚያ፣ ሞተር በሌለበት ድምፅ፣ በቀስታ፦
«አፈር ነው።»
ቆይቶም፦ «ማን አወጣው?»
«ማንም። ወደቀ እንጂ አላረፈም።»
ቁንጣሪዋን መዳፉ ላይ እያገላበጠ
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይቆጥር ነበር፤
ዛፍ ይሁን ዓመት አልጠየቅኩም።
አልመለሰልኝም። ደረት ኪሱ ውስጥ፣
ከመነጽሩ ጎን ከተታት።

ዶሪን እየተሽከረከረች ወረደች፣ ፀጉሯ ላይ ፈርን ተሰክቶ።
«ላይ ስመዝነው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር፤
ያንተስ?» አለች።
ሦስት መቶ ስምንት።
ጻፍኩ፦ ናሙና ሰባት፤ ጉድለት፣ አራት ግራም።
«ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ እርሳሴ ቆሞ ሳለ
ፎርክስ ወደ ልማዷ ተመለሰች፤ ጠብ አለ፣
ደግሞ ጠብ አለ፣
መስመሩን ዝናብ ሞላው።